ትልቁ ሳህን ይመለስ

ዛሬ የምንሰናበታቸው አክስታችን፣ የሥነ ምግብ ተመራማሪዋ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በልጅነታቸው የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ አጠገባቸው የተኛችው በሽተኛ ምግብ እጇ ከማይደርስበት ተቀምጦ ሳይነካ ሲመለስ አዩ። "ጠግባ ነው" ተባሉ። አክስታችን ግን ነገር ቶሎ የሚለቃቸው ሰው አልነበሩም። በሥነ ምግብ ሳይንስ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ተምረው የተመለሱት ወደዚያው ሆስፒታል ነው።

የመጀመሪያ ጥናታቸው በሽተኞች ተኝተው ሳለ ለምን እንደሚከሱ ነበር። ከየክፍሉ የሚመለሰውን ትርፍራፊ ጓንት አጥልቀው ይመዝኑ ስለነበር ወጥ ቤቱ "ወይዘሮ ሚዛን" አላቸው፤ ስሙንም ወደዱት። ባለቤታቸውን፣ የራጅ ባለሙያውን፣ ያገኙትም እዚያው ነው። "እዚህ ቤት ያለ ራጅ አጥንታቸው የሚታይ በሽተኞች አሉ" ብለው ሊያማርሩ ሄደው ታጭተው ተመለሱ እየተባለ በቤታችን ይሳቃል። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ቀጥሎ ውፍረትን ስለመከላከል እንዲያጠኑ ተጠየቁ። ለሠራተኞች ካፍቴሪያ አነስ ያለ ሳህን አስገቡ፤ ሰው ሳይታወቀው ምግቡን ቀነሰ፣ ውጤቱም አማረ። ሽልማት መጣ። ትንሿን ሳህን ይዘው የተነሱት ፎቶ በየግድግዳው ተለጠፈ። ወዲያው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ሳህኗን ወደ በሽተኞች ክፍልም አስገቧት። ትርፍራፊው ሲጠፋ ሁሉም አጨበጨበ፤ አክስታችንም አብረው አጨበጨቡ። የተመለሰውን ምግብ መዘኑ እንጂ በሽተኛው የጎደለበትን አልመዘኑም ነበር።

በኋላ በሽተኞቹን ሚዛን ላይ ሲያወጡ ደነገጡ። ከበፊቱ ይበልጥ ከስተው ነበር። ትንሿ ሳህን ለታማሚ እንዳልሆነች ጽፈው አቤት አሉ። ዳይሬክተሩ በአክብሮት ወንበር ስበውላቸው፣ "እርስዎ ራስዎ ያመጡትን እንዴት እናንሳ? ስምዎስ?" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ስለ ሳህኗ እንዲናገሩ ይጋበዛሉ፤ ስለ በሽተኛ ረሃብ ሲጀምሩ ሰዓት አልቋል ይባላሉ። ስህተታቸውን የሚያርመውን ማስተካከያ ጽሑፋቸውን የሚያትም መጽሔት ጠፋ። በገዛ ስማቸው ተቆልፎባቸው ኖሩ፤ ጡረታም አላስፈታቸውም። ልጃቸው እንግዳ ስትጠራ ሳህን የምታወጣው እየፈራች ነበር፤ ነገሩ ከተነሳ ማዕዱ ይቀዘቅዛላ!

ባለፈው ዓመት የጉበት ካንሰር ይዟቸው እዚያው ሆስፒታል ተኙ። ከአልጋቸው ፊት ለፊት ያ ፎቶ እየሳቀ ያያቸዋል። ዞር እንዳይሉ ጎናቸውን ያማቸዋል። አንድ ቀን የምግብ ፍላጎታቸው ተከፍቶ የቀረበላቸውን ጨረሱና "ትንሽ ጨምሪልኝ" አሉ።

ምግብ አዳይዋ "አይፈቀድም እማማ። እኔማ ብሰጥዎት ደስ ይለኝ ነበር፤ ያቺ ሴትዮ ናት የከለከለችን" ብላ ወደ ፎቶው ጠቆመች። በሽታው አመንምኗቸው ስለነበር አላወቀቻቸውም።

"እውነትሽን ነው፣ የኔ ልጅ" አሉ እንጂ ማን እንደሆኑ አልነገሯትም። ስትሄድ አለቀሱ። ልጃቸው ስትመጣም፣ "ስሞት ሽልማቴን አታንብቡ። ማስተካከያዬን አንብቡልኝ፤ ቀብሬ ላይ እንኳ ሰዓት አልቋል የሚለኝ የለም" አሏት።

በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል፤ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እኛን የወንድምና የእህት ልጆችን ትተዋል። ዳይሬክተሩም ከመካከላችን ቆመዋል፤ ስለ መጡ እናመሰግናለን። ማስተካከያው እንዲህ ይላል፦

"ተሳስቻለሁ። ለበሽተኞች ትልቁ ሳህን ይመለስ። ፎቶዬም ይውረድ።"

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከሰፊው ማዕድ ያስቀምጥልን።