የተሰጣው አንሶላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፣ ልደታ

ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ያለው የፕላስቲክ ፋብሪካ የጭስ ማጣሪያውን አስነሳ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ቀን አያስነሱትም። እኛም እንደ ልማዳችን፣ ጥቀርሻ የማይወርድበት ቀን ተገኘ ብለን ነጠላና አንሶላችንን አጥበን ግቢውን ሞላነው።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ፣ «ልጄ፣ የልጅ ልጄ በዚህ ጭስ ሲያስል ነው የሚያድረው» አሉት።

እሱ የተሰጣውን ልብስ አየና፣ «እማማ፣ ጭስ ቢኖር ይሄ ሁሉ ነጭ ልብስ ይሰጣ ነበር?» ብሎ ፎቶ አነሳው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አጠገቡ ቆሞ ፈገግ ይላል። የራሳችን እጥበት መሰከረብን። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

የተቆጣጣሪው መኪና ከመውጣቱ ማጣሪያው ጠፋ። አንሶላዬን ሳላስገባው ጠቆረ። አላጥበውም። ተቆጣጣሪው ተመልሶ ሲመጣ የማሰጣለት ይሄንኑ ነው።