ደጃችን ድረስ ስለተላከልን ጎርፍ

ሰኔ 2 ቀን፣ ሾላ በር፣ ስማዳ

ይድረስ ለተከበሩ የሾላ በር ከተማ የመንገድና የጎርፍ መውረጃ ሥራዎች ኃላፊ፤
ከደረቁ ወንበርዎ ላይ እንዳሉ!

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ የቢሮዎ ጣሪያ ሁሉ እንዴት ነው? እኛ አንዱ ግድግዳችን ወደ ውጭ ዘመም ከማለቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች በመሳቢያዎ ውስጥ ዕረፍታቸውን ስላገኙ መቀስቀሱ ነውር መስሎኝ ነው።

እኔ አወቀ ልመንህ፣ ከቢሮዎ አጥር በላይ ያለችው አሮጌ ቤት ባለቤት የወይዘሮ ታንጉ ልጅ ነኝ። ቤቲቱን አባቴ በድንጋይ መሠረት ላይ በእንጨትና በጭቃ ከሠራት አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። እርስዎ ከተማችንን እስኪያለሙልን ድረስ አንድም ክረምት ውኃ ገብቶባት አያውቅም።

አንደኛ፣ ስለ መንገዱ እናመሰግናለን። በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ገረጋንቲ እያለበሱ ከፍ ከፍ አድርገውታል። ዱሮ ሦስት ደረጃ ወጥተን እንገባበት የነበረውን ቤት ዛሬ ሁለት ደረጃ ወርደን እንገባበታለን። እንግዳው ሁሉ ጎንበስ እያለ ስለሚገባ እናቴ በዕድሜዋ እንዲህ ተከብራ እንደማታውቅ ትናገራለች።

ሁለተኛ፣ ከገበያው ጀምረው ስላስቆፈሩት ቦይ። ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ አጥራችን ዘንድ ሲደርስ ያለቀ ቦይ ነው። ቆፋሪዎቹ «ምሳ በልተን መጣን» ብለው ወጡ፤ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው፤ ምሳው የሠርግ ሳይሆን አይቀርም። እስኪመለሱ ድረስ የገበያውን ጎርፍ ከነሽንኩርት ልጣጩ፣ ከነጎዶሎ ጫማው እናቴ ብቻዋን ትቀበላለች። ኖኅ እንኳ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለላኩልን ባለሙያ። አቤቱታችንን በነሐሴ አስገባን፤ አቶ ደሳለኝ በጥር፣ በጥምቀት ማግስት መጡ። ግቢውን በሜትር ለኩ፣ አፈሩን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና «በቦታው ተገኝተን ባደረግነው ማጣራት ውኃ አልታየም» ብለው ጻፉ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ሳምንት በከተማችን ውኃ የታየው ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ብቻ ነበር። እናቴ በግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት የወጣውን የእርጥበት ምልክት እያሳየች «ታዲያ ልጄ፣ ይህን ማን ተፋብኝ?» ብትላቸው፣ «እማማ፣ ለእሱ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም» አሏት።

ምክራቸውንም አልነፈጉንም፤ «ግቢው ዝቅ ብሏልና አፈር ይሞላ» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በደቦ ወጣ። አፈሩን ተሸክመን የመሠረቱ ድንጋይ እስኪቀበር ከግድግዳው ሥር ቆለልነው። ይህ የእኛም ጥፋት ነው፤ ማኅተም የያዘ ሰው ሲናገር ጭንቅላታችንን አውልቀን ማስቀመጥ ለምደናል። ድንጋዩ አርባ ስምንት ዓመት የቻለውን ውኃ ጭቃው አንድ ግንቦት እንኳ አልቻለውም። ማዕዘኑ እጅ እስኪያስገባ ተሰንጥቆ፣ አሁን የቆመው በሁለት የባሕር ዛፍ ድጋፍ ነው። እናቴ የምትተኛበት መደብ ከዚያው ማዕዘን ሥር ነው። ውጪልን ብለን ብንለምናት «ባሌ ከሠራልኝ ቤት የመንገድ ቢሮ አያስወጣኝም!» ብላ ሙጥኝ አለች። ሐምሌ ሲገባ ያ ግድግዳ በማን ላይ እንደሚወድቅ ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም።

አራተኛና አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ጥጋቡ መጣና አስተወኝ። ጥጋቡ ገብስ አራሽ ነው፤ በቢሮዎ የሚታወቅ ሙያ የለውም። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረና «አያ አወቀ፣ ማሳ ውኃ ሲይዝበት ፈሰስ ይወጣለታል እንጂ ኮሚቴ ይቋቋምለታል እንዴ?» አለኝ። ፈሰስ ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ ዝናቡ ዘሩን ጠርጎ እንዳይወስድበት ገበሬ በማሳው ላይ ሰያፍ የሚያወጣው የውኃ መሄጃ ነው። ያለ ማኅተም ይሠራል። በማግስቱ የቆለልነውን አፈር ከግድግዳው ሥር መልሰን ጠረግን፤ የመሠረቱ ድንጋይ ብርሃን አየ። ግቢውን ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አስተካክለን፣ ከቦይዎ አፍ ጀምረን ፈሰሱን ሰያፍ እስከ ታችኛው አጥር አወረድነው። ያልተቆፈረው የመጨረሻው አንድ ክንድ አፈር ብቻ ነው።

እሱንም የተውነው ደክሞን አይደለም። በእኛ አገር ፈሰስ ያወጣ ሰው ለታችኛው ጎረቤቱ ሳያስታውቅ ውኃውን አይለቅበትም፤ ዝም ብሎ የለቀቀ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ ይክሳል። ከእኛ በታች ያለው ጎረቤት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ይህ አቤቱታ አይደለም፤ አቤቱታማ አስገብተን አይተነዋል። ይህ ለጎረቤት የሚደረግ ማስታወቂያ ነው። እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ ቦይዎን ከአጥራችን አሳልፈው ከከተማው ዳር ወዳለው ገደል ቢያወርዱልን፣ ፈሰሳችንን በገዛ እጃችን እንደፍናለን። ያ ካልሆነ በሚካኤል ማግስት ያችን አንድ ክንድ አፈር እናነሣለን። ከዚያ ወዲያ ውኃው ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፤ እናቴም በመደቧ ላይ ትተኛለች።

እግርዎ እንዳይረጥብ ከልቡ የሚጨነቅ፣
የላይኛው ጎረቤትዎ፣
አወቀ ልመንህ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ታንጉ፣ ካሉበት ማዕዘን

ተጨማሪ፦ ፈሰስ በሚለቀቅበት ቀን የታችኛው ጎረቤት ዶማ ይዞ ወጥቶ በራሱ በኩል መንገድ ማበጀቱ የቆየ ልማድ ነው። ዶማ ከሌለዎት እናውስዎታለን፤ በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ ጥጋቡ ያሳይዎታል።