እናትየዋ አትናገርም

አለቃዬ፣

ባለፈው ሳምንት "ፈትሸሽ ጨረስሽ?" ስትዪኝ ራሴን የነቀነቅኩት ለዘፈኑ ነበር፤ ማዳመጫ አድርጌ ስለነበር አልሰማሁሽም፤ ምን እንዳልሽኝ ያወቅኩት በኋላ ነው። አንቺ ግን የኮምፒውተር ጨዋታችንን ለገበያ አወጣሽው። ደስታሽን ሳይ አብሬሽ አጨበጨብኩ። ያኔ መናገር ነበረብኝ።

የፈተሽኩት ከጨዋታው አራት ከተሞች ሁለቱን ብቻ ነው። የምንሠራው ሦስት ሰው ነን፤ አንቺ፣ እኔና ወንድምሽ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ከተሞቹን እንቀንስ" ስልሽ "አንቺ ፈሪ!" ብለሽ ሳቅሽ።

ለራትሽ የሠራሁት ሩዝ ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቂው።

በመጨረሻው ከተማ የጨዋታው ልጅ ስንት አገር ዞሮ እናቱን ያገኛታል፤ እሷ ግን አንቺ ከጻፍሽላት ቃል አንዱንም አትናገርም። ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ኮዱን የሚያውቀው ወንድምሽ ስልኩን ዘግቷል፤ ቤቱ ድረስ ሄጄም አጣሁት።

ዛሬ ጠዋት አንድ ተጫዋች "ምን አጥፍቼ ነው እናቴ የማታናግረኝ?" ብሎ ጻፈልን። ይህን ጽፌልሽ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ።