«መሣሪያውን አልተጠቀመም» ስለተባለው ስለ ሚፍታህ

ለክቡር አቶ ገሠሠ
የእንስሳት ክትባት ጽሕፈት ቤታችን የንብረትና ሥምሪት ክፍል ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ከጠጠር መንገድ የራቀ፣ ጆሮዎም እንደ ወትሮው ከሁካታ የተጠበቀ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሁለቱም እግሮቼ ይሠራሉ። ይህን የምጠቅሰው ለጉራ ሳይሆን፣ ከኋላዬ በሞተር ይከተለኝ የነበረው የክትባት ባልደረባዬ ሚፍታህ በአሁኑ ሰዓት እንዲህ ብሎ መጻፍ ስለማይችል ነው።

ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ማስገባት ሲገባኝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው። የሚፍታህ የሥራ ውል ከሐምሌ ጀምሮ እንደማይታደስ የሚገልጸው ውሳኔ ደግሞ ከነገ ወዲያ ዓርብ በክቡር ፊርማዎ ይጸድቃል። በሰሌዳው ላይ እንደተነበበው ምክንያቱ «የተሰጠውን የሄልሜት መነጋገሪያ መሣሪያ ባለመጠቀሙና በወደቀ ጊዜ ባልደረባውን ባለመጥራቱ፣ በራሱ ቸልተኝነት ለጉዳት በመዳረጉ» ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ለዚህ ውሳኔ የተመረኮዘው በአንድ ምስክር ቃል ሲሆን ምስክሩም እኔ ይገረም ነኝ።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን ከሚገባው ምስጋና ጋር በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ራሱ አመሰግናለሁ። ባለፈው መስከረም፣ ክትባት ጭነን ወደ ገጠር የምንወጣ ባለሞተሮች በየመንገዱ እየተጠፋፋን ማስቸገራችንን ተመልክተው፣ ሁለት ሁለት ሆነን እንድንጓዝና በሄልሜታችን ላይ በሚገጠም ብሉቱዝ ኢንተርኮም እየተነጋገርን እንድንሄድ አደረጉ። ፋብሪካው እነዚህን ዕቃዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ እርስ በርስ አስተዋውቆ ነበር የላካቸው፤ ሲበሩ ያለ ማንም እርዳታ ይገናኙ ነበር። እርስዎ ግን የንብረት ደንብ አንድ ዕቃ ለአንድ ፈራሚ እንጂ ጥንድ የሚባል ነገር እንደማያውቅ አስረድተውን በመለያ ቁጥራቸው ተራ አከፋፈሏቸው፤ የእኔው መሣሪያ ጥንድ ካማሺ ወረደ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ የመንግሥት ንብረት ከሠራተኛ ጋር እሑድን መዋል ስለሌለበት ዓርብ ዓርብ ለመጋዘን እናስረክባለን፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ሞዴል 22 የተባለው የንብረት መውጫ ቅጽ ላይ ፈርመን እጃችን የገባውን እንወስዳለን።

በዚህ የተነሳ ሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤታችን ግቢ ለተመልካች ደስ ይላል። የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሆኑ ሰዎች ሄልሜት አጥልቀው፣ መካከለኛውን ቁልፍ ቀዩና ሰማያዊው መብራት እስኪፈራረቅ ተጭነው ይዘው፣ እንደሚዋጉ በሬዎች ግንባር ለግንባር ገጥመው ይቆማሉ። አንድ ሰኞ ሳላውቅ ከሌላ ቡድን ሰው ጋር ተጣምሬ ስለ አማቱ የኩላሊት ሕመም እስከ ከተማው መውጫ ድረስ ሰማሁ። ለሰውየው አዘንኩ፤ እርስዎንም አመሰገንኩ፤ ያለ እርስዎ ደንብ ከማን ጋር ተዛምጄ ይህን ልሰማ እችል ነበር?

2ኛ. ስለ ሥልጠናውም ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። የአጠቃቀም መመሪያው በቻይንኛ ስለነበር ከካርቶኑ ላይ «አንድ ሺህ ሜትር» የሚለውን አንብበውልን ሻይ ጠጥተን ተበተንን። በካርቶኑ ሥዕል ላይ ኮረብታ የለም፤ የባምባሲ መንገድ ግን ኮረብታም የቀርከሃ ጫካም አለው፤ አንዱን ጠመዝማዛ ሲያልፉ ሺው ሜትር ሁለት መቶ እንደሚሆን በራሳችን ተማርን። የማይክሮፎኑ ስፖንጅ ከወለቀ ከሰው ድምፅ ይልቅ ነፋስ እንደሚሰማ፣ ዝናብ ሲገባበት እንደሚንኮሻኮሽ፣ ማታ መብራት ከሌለ ጠዋት ድዳ እንደሚሆን ማንም አልነገረንም።

ሚፍታህ ለዚህ ሁሉ መላ አገኘለት። ከአሮጌ ፍራሹ ጥግ ስፖንጅ ቆርጦ ለሁለታችንም ማይክሮፎን አለበሰ። ለዝናቡ ፌስታል አበጀ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ካለው ባለሱቅ ዘንድ ሁለቱንም መሣሪያ ተሸክሞ ሄዶ ሲሞሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዚህ መሥሪያ ቤት መሣሪያውን የተጠቀመ አንድ ሰው ይፈለግ ቢባል እሱ ነው፤ እኔ የሞላልኝን ከማጥለቅ በቀር አንድ ቀን እንኳ ገመዱን ሰክቼ አላውቅም።

3ኛ. ባወጡት መመሪያ አንቀጽ አራት ላይ «በጉዞ ላይ የሁለቱ ባልደረቦች ድምፅ ከአምስት ደቂቃ በላይ መቋረጥ የለበትም» የሚል ሰፍሯል። እኛ የተማርነው ሰዎች ፈርመን መሳቢያ ውስጥ ከተትነው። ሚፍታህ የአፍ መፍቻው በርታ ስለሆነ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሲደርሰው ሁለት ጊዜ አስነብቦ ነው የሚፈርመው፤ ከፈረመ ደግሞ ያደርገዋል። ስለዚህ ከአሶሳ እስከ ባምባሲ፣ ከባምባሲም ወደ ገጠር ስንገነጠል አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ አያውቅም። ይህ ማሳ የማን እንደሆነ፣ ያቺ ላም ባለፈው ዓመት ከምን እንደዳነች፣ ልጁ ስንት ጥርስ እንዳወጣች፣ ከፊቴ ያለው ድልድይ የትኛው ጎኑ እንደሚያዳልጥ ይነግረኛል። ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ሰው ይህን አገር ያወቅሁት በጆሮዬ በሚገባው በእሱ ድምፅ ነው።

እኔም ሰለቸኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን የሚያህል ነውር በአንድ ቃል ማለቁ ለራሴም ይገርመኛል።

4ኛ. ይህ ቁጥር እርስዎን አይመለከትም፤ ቢሆንም ቁጥር ከጀመሩ አይቀር ተብሎ ይታለፍልኝ።

መሣሪያው አንድ ጠባይ አለው። ከስልክ ዘፈን ሲገባበት የባልደረባን ድምፅ ይዘጋል፤ ቁልፉ እንደገና እስኪጫን ድረስም ከኋላ ያለው ሰው መዘጋቱን ሳያውቅ ብቻውን ሲያወራ ይውላል። በሥልጠናው ያልተነገረንን ይህን ምሥጢር በመጋቢት ወር በራሴ ጥረት ደረስኩበት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ከባምባሲ አልፈን ወደ ጠጠሩ መንገድ ስንታጠፍ አውራ ጣቴን ወደ ጆሮዬ አነሳና ቁልፉን ጫን አድርጌ ዘፈን አስገብቼ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። ስንደርስ ሄልሜቴን አውልቄ «እውነትህን ነው» እለዋለሁ። አንድም ቀን ምኑ እውነት እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም።

ግንቦት ስድስት ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ ነበር ያደረው። ጎርፍ የቦረቦረውን ቱቦ እኔ በግራ በኩል አለፍኩት፤ ሚፍታህ ከኋላዬ ሲመጣ ግን ጠርዙ ተናደበት፤ ሞተሩ ከነክትባቱ ሳጥን ግራ እግሩ ላይ ወደቀ። ሚፍታህ ጠራኝ። መሣሪያው በርቶ ነበር፣ ስፖንጁም በቦታው ነበር፣ በመሐላችንም ገና መቶ ሜትር አልነበረም። እኔ ዘፈን እየሰማሁ ቀጠልኩ። ቀበሌው ደርሼ፣ ከብቶቻቸውን አሰልፈው የሚጠብቁንን ገበሬዎች ሰላም ብዬ፣ ሄልሜቴን አውልቄ «እውነትህን ነው» ለማለት ስዞር ነው ከኋላዬ ሰው እንደሌለ ያየሁት።

ተመልሼ እስክደርስ አርባ አምስት ደቂቃ አልፏል። ሞተሩን ከላዩ ያነሱለት ከመንገዱ ራቅ ብለው በቆሎ ይኮተኩቱ የነበሩት አቶ ዱሬሳ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ያለ ብሉቱዝ፣ ያለ ሞዴል 22፣ በባዶ ጆሯቸው ሰምተውት ነው የሮጡት። እኔ ስደርስ ሚፍታህ እግሩን አላየም፤ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና ያለኝ ይህ ነው፦ «አንተ ወድቀህ መሰለኝ። ወላሂ ጠራሁ፣ ጠራሁ፣ አንተ ዝም። ይገረም ሞተ አልኩ።»

እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ከሞተር ሥር ተኝቶ ይጨነቅ የነበረው ለእኔ ነው።

ሆስፒታል ስጠይቀው ባለቤቱ ዐፊፋ ከግቢያቸው የለቀመችውን ማንጎ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝና «አንተ ባትመለስ እሱ የለም ነበር፣ አላህ ይስጥህ» አለችኝ። አሜን አልኩ። ቤቴ ሄጄም ማንጎውን በላሁት።

5ኛ. አሁን ወደ ኮሚቴዎ ልመለስ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ይል ነበር፤ ሚፍታህም ራሱ «ዕቃው አታለለን፣ ይገረምን አትናገሩት» ብሎ ልኮ ነበር። ለእኔ ይህ ታላቅ እረፍት ሆነልኝ። መንታ የሚለያይ ደንብ፣ የማይነበብ መመሪያ፣ በካርቶን ንባብ የተፈጸመ ሥልጠና፤ የእርስዎ ስህተት ሁሉ ለእኔ ጥሩ ቤት ነበር፤ ከነቤተሰቤ ገብቼ ኖርኩበት። መሣሪያ አይናገርም፤ ቢወነጀልም ልጅ የለውም።

ኮሚቴው ግን መሣሪያዎቹን መፈተሽ እንዳለበት ወሰነ። ፍተሻው የተካሄደው በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሲሆን ሁለት ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሄልሜት አጥልቀው «ሄሎ» ተባባሉ፣ ተደማመጡም። ዕቃው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው ተባለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው ያን ዕለት ከሚፍታህ የጥሪ ድምፅ ሰምቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ምንም ድምፅ አልሰማሁም» ብዬ መለስኩ፤ ቃል በቃል ተጽፎ ቀረበልኝና ፈረምኩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ውሸት የሆነ አንድም ቃል ማግኘት አይቻልም፤ ሃምሳ ቀን ሙሉ ፈልጌ አጥቻለሁ። ሰው እውነት ተናግሮ ይህን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል ያስተማረኝ የእርስዎ ቃለ ጉባኤ ነው። በማግሥቱም «ባልደረባውን በፍጥነት ተመልሶ ስለታደገ» የሚል የምስጋና ወረቀት በማኅተም ሰጡኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ዘንድ ሃምሳ ጊዜ ነግቶ ሳይጠራ ቀርቷል፤ ውሳኔዎ ሰሌዳ ላይ ባይወጣ ኖሮ ምናልባት ሃምሳ አንደኛውንም አሳልፈው ነበር። ይህንን የምለው ራሴን ለማስመስገን እንዳይመስልብኝ ነው።

በመሆኑም ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ይህ ነው። ምስክርነቴ ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝልኝ፤ በምትኩም የሚፍታህ ድምፅ ያልተሰማው ስላልጠራ ሳይሆን ይገረም የተባለው የፊተኛው ባለሞተር ዘፈን ለመስማት ብሎ ሆን ብሎ ስለዘጋው መሆኑ ይስፈርልኝ። ዓርብ ዕለት ያለ ፊርማ መዋል የማይቻል ሆኖ የግድ አንድ ውል መቋረጥ ካለበትም ያዘጋጁት ወረቀት አይበላሽብዎ፤ ስሙን በስሜ መተካት አያደክምም፤ ሁለታችንም አራት አራት ፊደል ነን። የምስጋናውን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

የመስማት ግዴታውን ፈርሞ ተረክቦ ሳይሰማ የኖረ፣ ለክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት መደበቂያነት ባለ ዕዳ የሆነ፣ ታማኝ ሊባል የማይገባው አገልጋይዎ፣

ይገረም
የእንስሳት ጤና ረዳት ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለወ/ሮ ዐፊፋ፣ በአሶሳ ሆስፒታል የወንዶች ክፍል
ለአቶ ዱሬሳ፣ ማሳቸው ድረስ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ትናንት ወደ ሆስፒታል ወስጄ ለሚፍታህ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ክቡር ኮሚቴዎ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ስለ መለያ ቁጥር፣ ስለ ባትሪና ስለ ርክክብ አሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቆኛል። ሚፍታህ አልተቆጣም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ የትኛው ዘፈን እንደነበረ። ብዙ አሰብኩ፤ ላስታውሰው አልቻልኩም።