ወደ ላይ የሚሄደው ድምፅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዛሬም ተቋረጠ። አባየ ገና ዜማውን እንዳነሡት ስልኩ ላይ ያቺ የምትሽከረከር ቀለበት መጣች፤ ከዚያ ጭጭ። አምቢኮ ያሉት ተማሪዎች መልሰው ደወሉ፣ ተቋረጠ። እኛ ደወልን፣ ተቋረጠ። አባየ ስልኩን በግንባሩ ደፍተው ወደ ጓዳ ገቡና ጓዛቸውን ማሰር ጀመሩ።

አሁን ጓዙ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጋቢ፣ ድጓው ከነማኅደሩ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። መቋሚያቸው ላዩ ላይ ተጋድሟል። ስወጣ ስገባ ያደናቅፈኛል። ሆን ብለው እዚያ እንዳስቀመጡት አውቃለሁ።

"መስመሩ የማይሆን ከሆነ እኔው ራሴ እወጣለሁ" አሉኝ። "ሚካኤል ደርሷል።"

አባቴ ከላይ ተራራው ላይ ያለችው የአምቢኮ ገጠር መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩት እዚያ ነው። አምና ክረምት ደረታቸው ሲታመም ወደ እኔ ወደ ደባርቅ አወረድናቸው። የጎንደሩ ሐኪም ወደዚያ ብርድ እንዳይመለሱ አጥብቆ ነግሮናል። ጉባኤያቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ለፈንታሁን ትተው መጡ። ለኅዳር ሚካኤል የሚባል አንድ ዜማ ግን አላስጨረሱትም ነበር። ከመምህራቸው የተቀበሉት የራሱ አካሄድ አለው። በኢንተርኔት እናስጨርሰው ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ነገሩ ይኸው ነው። ኢንተርኔቱ ከተስተካከለ አባየ እዚህ ናቸው። ካልተስተካከለ በመኪናም በበቅሎም ወደ ብርዱ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ሜጋ ባይት ምን አውቄ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ባሌ አለበል ጎንደር የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ስለሚያውቀውም ስለማያውቀውም ነገር አስተያየት አለው። አዲሱን የስልክ ድርጅት ያዥ ይላል፤ መነኻሪያ ያለው ሾፌር ሁሉ ወደዚያ ዞሯል አሉ። ሾፌር ሁሉ ዜማ ያስተምራል ወይ ብዬ ዝም አሰኘሁት። ከዚያ ግን ተነሥቼ ሄድኩ፤ ሁለቱም ቢሮ።

እንዳልረሳ ልጻፈው።

የድሮው ድርጅት፦ ሽቦ ነው። ቤታችን ያለው እሱ ነው። ፍጥነቱን ማሳደግ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ሰው መጥቶ ሽቦውን ማየት አለበት። መቼ ይመጣል? እንደውላለን።

ፋይበር፦ አስፋልቱ ዳር ደርሷል። ወደኛ ቅያስ መቼ እንደሚገባ ስጠይቅ ልጅቷ ፈገግ አለች። መልሱ ያ ነው።

አዲሱ ድርጅት፦ ሽቦ የለው፣ ምሰሶ የለው። ሲም የሚገባበት ሣጥን ነው። ሶኬት ላይ ሰክቶ መቀመጥ። ነገ ይምጣልሽ አሉኝ።

ስመለስ በጥንቱ ስልክ ቤት በኩል አለፍኩ። ዛሬ ጫማ መሸጫ ሆኗል። አለበል ጎንደር ረዳት ሳለ ቀጠሮ አስይዞ ይደውልልኝ ነበር። መልእክተኛው የጥሪ ወረቀት ይዞ ለትምህርት ተከራይቼ ወደምኖርበት ቤት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቀሚሴን ተኩሼ እሄዳለሁ፤ ሰው የሚያየኝ ይመስል! ከእንጨት የተሠራው ሣጥን ውስጥ ገብቼ ደህና ነህ እላለሁ። ደህና ነኝ፣ አንቺስ ይላል። ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ስለሚሰማን ከዚያ ያለፈ አንልም። ያቺን "አንቺስ" ይዤ ሳምንቱን እገፋው ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ይደውላል፤ ሽንኩርት ልግዛ ወይ ነው የሚለኝ።

ናፈቀኝ። ሰውየው አጠገቤ ተኝቶ እያንኮራፋ ናፈቀኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሣጥኑ መጣ። ይዞት የመጣው ሻጭ ሰክቶ በስልኩ ላይ ፍጥነቱን ለካልን። ቁጥሩ ሲሮጥ አለበል አጨበጨበ። ከሥሩ ሌላ ትንሽ ቁጥር ነበረች። ሻጩ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አሳለፋት። አይቻታለሁ፤ ምን እንደሆነች ግን አልጠየቅኩም።

ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ ተጀመረ። የፈንታሁን ፊት በስልኩ ወለል ብሎ ታየ። ጢም አብቅሏል! ተማሪዎቹ ከኋላው ተደርድረዋል። ድምፃቸው እዚሁ ጓዳ ያሉ ይመስል ጥርት ብሎ መጣ። አባየ አሉ፣ እነሱ ተቀበሉ። ደግመው አሉ፣ ደግመው ተቀበሉ። ከፍ ብሎ የሚወጣውን ክፍል አባየ መጨረሻ ላይ ሁለቴ ብለው ሰጧቸው፤ እሱን መቀበሉ ለዓርብ ተቀጠረ። የዜማ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነው፤ መምህሩ ያለውን ተማሪው እንደወረደ ይዞ ይደግማል፤ ለምን ብሎ ነገር የለም። ፈንታሁን ሌት ተቀን አስጠንቷቸው ዓርብ እንደሚመልሱ ተናግሮ ተሰነባበቱ።

የስፌት መኪናዬን አቁሜ ስሰማ ዋልኩ። የሰው ቀሚስ ሳይሰፋ ዋለ፤ ይዋል። ልጅ ሆኜ አምቢኮ እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚህ ድምፅ ነበር። እኔን ያስተማረኝ የለም፣ ሴት ልጅ ነኝ። ግን በግድግዳው ማዶ ስንቱን ሰምቼዋለሁ። አባየ መድከማቸውን በድምፃቸው አውቅ ነበር፤ መናደዳቸውንም፣ መራባቸውንም።

አባየ ማታ እራት ላይ ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ አሉ። ጓዙ ግን አልተነሣም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27፣ መድኃኔዓለም

አባየ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። መቋሚያቸውን ይዘው በቅያሱ ሲመጡ እየተመለከትኩ፣ የቀድሞውን አባየን ያየሁ መሰለኝ። ለጎረቤቶቹም ሁሉ ትምህርት ቤታቸው በሣጥን እንደገባ አወሩላቸው።

አለበል የድሮውን ሽቦ አስቆርጪ ይለኛል፤ ሁለት ድርጅት መቀለብ ምን ይሉታል አለ። እውነቱን ነው። ላስቆርጥ ተነሣሁ። ከመውጣቴ በፊት የቤት ስልኩን ዳንቴል ገለጥኩት። ዳንቴሉን የሠራሁት ስልኩ የገባ ሰሞን ነው፣ አዲስ ሙሽሮች ሳለን። አለበል ሰው ዝም ብሎ እንዳይደውልበት ትንሽ ቁልፍ አሠርቶለት ነበር፤ ቁልፉ ራሱ ጠፍቶበት አንድ ሳምንት ሙሉ መደወል አቃተን። መነጋገሪያውን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ያ የድሮው እ-እ-እ የሚል ድምፅ አለ፤ መሐል መሐሉ ላይ እየተንኮሻኮሸ። ዳንቴሉን መልሼ አለበስኩትና ሳልሄድ ቀረሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28



ተማሪዎቹ የተማሩትን መለሱ። አባየ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዜማው ሲወጣ፣ ሲወጣ ቆይቶ ከፍታው ላይ ሲደርስ ድምፃቸው ሁሉ እኩል ቁርጥ አለ። ጸጥ። ከዚያ ሁሉም እኩል ቀጠሉ። እኔ ሣጥኑ ነው ብዬ ሶኬቱን ነካካሁ። አባየ ድገሙት አሉ። ደገሙት። እዚያው ቦታ ላይ ሲደርሱ እኩል ቁርጥ። በዝምታው መካከል ግን እዚያ አምቢኮ አንድ ዶሮ ጮኸ። ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

መስመሩ አልተቋረጠም ነበር። ዝም ያሉት እነሱ ናቸው።

አባየ ዓይናቸውን ገለጡ። "ፈንታሁን፣ እዚያ ላይ ለምን ቆማችሁ?"

"የኔታ፣ እርስዎ እንዲያ ብለው ሰጡን" አለ ፈንታሁን። "ባለፈው ሲነግሩን እዚያ ላይ ዝም አሉ። ደግመው ሲሉትም ዝም አሉ። ያልገለጡልን ምሥጢር አለው ብለን እንደወረደ ያዝነው።"

የአባየ ድምፅ ወደነሱ ሲሄድ ነው ለካ የተቆረጠው፤ እኛ ጋ የነሱ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ እነሱ ጋ የሳቸው እየተቆራረጠ ይደርሳል። ልጆቹ የመስመሩን መቆራረጥ ሁሉ ዜማ ነው ብለው አጥንተውታል። እንዴት አድርገው እንዳጠኑት! እኩል ቆመው እኩል ይነሣሉ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። የአባየን ፊት ሳይ ጠፋ።

"ዛሬ የጎደለውን እነዚህ ለሌላው ያቀብሉታል" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ቁሜ እያለሁ።" ከዚያ ወደ አለበል ዞረው ወደ ላይ የሚወጣ መኪና መቼ እንዳለ ጠየቁት። አለበል ሽማግሌ እምቢ ማለት አይችልበትም። ማክሰኞ አለ አላቸው። ላንቀው ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ገበያው ደባርቅን ሞልቶት በበግና በአህያ መሐል እየተጋፋሁ የድሮው ድርጅት ቢሮ ደረስኩ። እንደውላለን ያለችኝ ልጅ ገና አልደወልንም ወይ አለችኝ። አባቴ ማክሰኞ ሊሄዱ ነው አልኳትና እንባዬ መጣ። ሊሞቱ ነው ያልኩ መስሏት ነው መሰል፣ ሙያተኛውን ወዲያው ከኋላዬ ላከችው። አላረምኳትም። ሐሰትም አልነበረም።

ሙያተኛው መሰላሉን ከጣሪያው ክፈፍ ላይ አስደግፎ ወጣ። ሣጥኑ ሲለካ ከሥር ስላየኋት ትንሽ ቁጥር ጠየቅኩት። ትልቁ ወደ ቤት የሚገባው ነው፣ ትንሹ ከቤት የሚወጣው ነው አለኝ። ፊልም ለሚያይ ሰው መግቢያው ይበቃዋል፤ አባየ ግን ድምፃቸውን የሚልኩ ሰው ናቸው። ሣጥኑ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲበዛበት መውጫው ይደክማል። ሽቦው ያን ያህል ፈጣን አይሆንም፣ ግን እኩል ይሄዳል አለኝ፤ ከዳነ።

መቀጠያው ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። በላዩ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ፈትቶ ወረወረልኝ። አወቅኩት። ሙሽራ ሳለሁ የለበስኩት ቀሚስ ቅዳጅ ነው፤ ያኔ ዝናብ እንዳይገባበት አለበልን መሰላል ላይ አውጥቼ ያስጠመጠምኩት። ቀለሙ የለም፤ ስፌቱ ግን የኔ ነው። ኪሴ ከተትኩት።

አዲስ ሽቦ ከምሰሶው ተሳበ። ፍጥነቱም ከፍ ተደረገ። አለበል ለካውና ከሣጥኑ ያንሳል ብሎ አኮረፈ። ከሥር ያለችውን እያት አልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ከቅዳሴ መልስ ጀመሩ። አባየ መጀመሪያ ምስሉን አጥፉልኝ አሉ። ዜማ ሲቀበሉ የመምህራቸውን ፊት አይተው አያውቁም፤ በጨለማ ነው የተማሩት፣ ጆሮ ብቻ ሆነው። ምስሉ ሲጠፋ ድምፁ ይብስ ጠራ። ፈንታሁን ከዚያ ማዶ፣ "የኔታ፣ ትንፋሽዎ ሳይቀር ይሰማል" አለ።

መስመሩ ዳነ፣ ልጆቹ ግን አልዳኑም። እዚያ ቦታ ሲደርሱ አፋቸው በራሱ ይዘጋል። አባየ ቢሉ፣ ቢሉ፣ ልጆቹ እሺ ይላሉና ይቆማሉ። የተሰፋ መፍታት ከመስፋት እንደሚብስ እኔ አውቃለሁ። በመጨረሻ አባየ ከኋላ ጀመሩላቸው፤ መጀመሪያ መጨረሻውን ብቻ፣ ከዚያ ከሱ በፊት ያለውን፣ እያሉ እያሉ ወደ ላይ ወደዚያች ቦታ። ግማሹ ተሳካ፣ ግማሹ ተደናቀፈ። አባየ ሳል ጀመራቸው፤ አቆምን።

ማታ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሳላውቀው ያንኑ ዜማ እያንጎራጎርኩ ኖሯል። እዚያ ቦታ ስደርስ እግሬም አፌም ቆመ።

ከወዲያ ክፍል የአባየ ድምፅ መጣ። "አንችም ያዝሽው?"

ደነገጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምሰማቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው።  እሳቸው ዜማውን አነሡ፣ ያቺን ቦታ ሳይቆሙ ተሻገሩና ጠበቁኝ። ተቀበልኳቸው። በሕይወቴ አባቴ ዜማ ሰጥተው እኔ ስቀበል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

አለፉት! ሁሉም፣ እኩል፣ ሳይቆሙ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ተባለ። አባየ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ አደረጉና "ይኸ ነው" አሉ። ከዚያ ማዶ ፈንታሁን የኔታ ዕድሜ ይስጥልን ሲል ድምፁ ተሰበረ። እኔም በዚህ በኩል አሜን አልኩ።

ልዘጋው እጄን ስዘረጋ አባየ አትዝጊው አሉኝ። ፈንታሁንም ስልኩን እዚያው እንዲተወው ነገሩት። ተማሪዎቹ ተበተኑ። የቀረው ቦታው ብቻ ነበር። ነፋስ። የበር ሳንቃ ሲጢጥ ሲል። ሩቅ ያለ ሰው ሌላውን ሲጣራ። ልጅ ሆኜ ውኃ እቀዳባት የነበረች ምንጭ ስታወርድ፣ ወይም እኔ የመሰለኝ። አባየ ከማን ግቢ የሚጮኸው የማን ውሻ እንደሆነ ሳይቀር ይነግሩኛል። ፈራሁ። በዚህ መስመር ላስቀራቸው ብዬ አገራቸውን ጆሯቸው ሥር አመጣሁት። ይህን እየሰማ ማን እዚህ ይቀመጣል?

"መኪናው ነገ ነው?" አሉ።

"አዎ አባየ፤ ነገ ጠዋት።"

እዚያ ማዶ ነፋሱ በረታ፤ የሣሩ ክዳን ሲንሿሿ ይሰማል።

"እንዴት ያለ ብርድ ነው" አሉ፣ ትከሻቸውን ሰብስበው። "ያን ጋቢ እስኪ አውጪልኝ።"

ጓዙን ፈታሁት። ጋቢውን አውጥቼ አለበስኳቸው። የቀረውንም ላውጣው ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ እሳቸው ስልኩን ወደ ጆሯቸው ጠጋ አደረጉት። ድጓውና ቅያሪው ልብስ በሩ አጠገብ እንደተፈታ ነው። መልሼ አላሰርኩትም፤ እሳቸውም እሰሪው አላሉኝም።