ባለ ቀይ ማኅተሙ መዝገብ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ሰላምታዬ ወንዙን ተሻግሮ ይድረስሽ። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ያ የሚነዝርሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። «እኛ» ስል እኔና እሱን ነው፤ ይቆጭሽ ብዬ አይደለም። ውሸቴን ነው፣ ይቆጭሽ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የጋብቻ መዝገቤን ፈልጊልኝ ብለሻል። መቼም ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሌላ ማንን ትጠይቂያለሽ! ሁለት መንግሥት «የኔ ነው፣ የኔ ነው» በሚባባልበት በዚህ ከተማ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሁለተኛው አዲስ ፍርድ ቤት መጥቷል። ሕንፃው ያው፣ ወንበሩ ያው፤ የሚቀያየረው ማኅተሙ ነው። አንቺንና እሱን ያጋባው ቀዩ ነበር። አንቺ እናትሽን ልታስታምሚ ማዶ እንደተሻገርሽ ሰማያዊዎቹ ገቡ፣ ኬላው ተዘጋ። «ቀዩ ያተመውን አናውቅም» ብለው በአንድ ማስታወቂያ የከተማውን ባልና ሚስት ሁሉ ፈቱት። እኔም በሰማያዊው አገባሁት። አሁን የመጣው አረንጓዴው ነው፤ የሁለቱም ወገን ዳኞች አብረው ይቀመጡበታል። የቀዩን ወረቀት እስከ ወሩ መጨረሻ ላቀረበ የመጀመሪያው ጋብቻ ይጸናል፣ ካልቀረበ ግን የኋለኛው ይጸናል ብለዋል። ካልቀረበ ሚስቱ እኔ ነኝ ማለት ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስቀናብሽ ኖሬያለሁ። «ጨው አነሰው» ባለ ቁጥር ያንቺ እጅ ትዝ ያለው ይመስለኛል። እኔ ስጠይቀው ረስቻታለሁ ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጎረቤት ሲያነሳሽ ደግሞ «እኔ መቼ ፈታኋት? የፈታት ፍርድ ቤት ነው» ይላል፣ ያውም እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። አንጀቴ ነው የሚያርረው።

አለቃችን፣ «አቧራው» የምንለው፣ መዝገቡን አገኘሽላት ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጣሪያው አፍስሶ የቀዮቹ መደርደሪያ ግማሹ በስብሷል አልኩት። ላንቺም የምልሽ ይህንኑ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁት። እንግዲህ አትዘኚብኝ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። በኔ ወረቀት ላይ የፈረመው እንደ ነገሩ ጫር አድርጎ ነው። ባንቺው ላይ ግን ስሙን ከነአያቱ አሳምሮ ጽፎ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ምን ብለሽው ነው?

በይ ደህና ሁኚ። እግዜር ባለሽበት ያቆይሽ።

የልጅነት ጓደኛሽ