የደመኛዬ ልጅ ክርስትና

ዳባት፣ ጥር 1996 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ባዘዘው፤

እንደምን ከርመሃል? እኔስ ደኅና አይደለሁም፤ ያስጨነቅኸኝም አንተው ነህ። ዛሬ ክፍል ገብቼ የትናንቱን ትምህርት ደግሜ አስተማርሁ። ቤት ስገባ ወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርሁ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ደጅ ወጥቼ የደባርቅን አውቶቡስ አያለሁ፣ እመለሳለሁ።

ትናንት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ መጡ። የአባታችን ገዳይ የዘመነ አማት፣ የሚስቱ የወርቄ እናት ናቸው። በሬ ላይ ቆሙ፤ ይግቡ አላልኋቸውም።

"እሑድ የወርቄ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው፣ ልጄ። ወንድ ቢሆን ወንድምሽን እንለምን ነበር፤ ሴት ሆነችና ካንቺ ደጅ መጣሁ። ክርስትና አንሽልን" አሉኝ። ቆመው ቆመው ሄዱ።

ገባህ? ልጅቷን ካነሳሁ ዘመነ አበልጄ ሊሆን ነው! በድንበር ጠብ አባታችንን በጥይት የጣለ፣ እስሩን ጨርሶ ወጥቶ እስከ ዛሬ እርቅ ያልወረደልን ሰው። አበልጅ ከሆንን ደግሞ ደም መፈላለግ ቀረ።

ወሬውን መጀመሪያ የሰማሁት ገበያ ነው። ወርቄ ምጥ ጠንቶባት ከመካነ ብርሃን ወደ ደባርቅ ሐኪም ቤት በቃሬዛ ሲያመጧት፣ ጨነቅ ተራራ ላይ ተሸካሚዎቹ ዝለው አገኘሃቸው አሉ። በበቅሎህ የጫንኸውን የቱሪስቶች ጓዝ ትተህ ከቃሬዛው ሥር ገባህ። ይሁን። ዘመነ አንተን አይቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ሲቀር ግን፣ "ና እንጂ! ትከሻህን አግባ፤ ሚስትህ አይደለችም እንዴ?" ብለህ ከኋላህ አሰለፍኸው ሲሉኝ፣ የገዛሁትን ሽንኩርት እዚያው ትቼ ሄድሁ።

ለገና ስትመጣ አፋጠጥሁህ። "የአባትህ ደም አልከበደህም?"

"ከበደኝ እንጂ፣ እታለም። ግን ቃሬዛ ላይ ያለች ሴት የማን ሚስት ነሽ ተብላ ትጠየቃለች?" አልኸኝ። ከዚያ የዶሮህን እግር መጋጥ ቀጠልህ። እንዴት እንዳናደድኸኝ!

ዘመዶቻችን ፈሪ ነው ይሉሃል። ፈሪ ግን ማጅራቱን ለደመኛው ሰጥቶ ቁልቁለት አይወርድም። እኔ የማውቅህ በቅሎህ ስታነክስ ጭነቱን በጀርባህ አዝለህ፣ እሷን ባዶዋን እየነዳህ ደባርቅ የገባህ ጊዜ ነው። አገር ሳቀብህ፤ እኔም ስቄብሃለሁ። ለካ አንተ የተቸገረ ስታይ የማን ወገን ነው ብለህ አትጠይቅም። አባታችንን ስለረሳህ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ በየዓመቱ የመቃብሩን ሣር የምታጭደው አንተ ነህ። እወድሃለሁ፤ ግን እንዳንተ መሆን እንዴት ይከብዳል!

ዛሬ ከሰዓት ነጭ ጨርቅ ገዛሁ። ነጋዴዋ "ለማን ነው?" ብትለኝ "እንጃ" አልኋት። ቤት ገብቼ ቀደድሁት፣ ሰፋሁት። ትንሽዬ ቀሚስ ወጣችው።

ዘመነን ይቅር አላልሁም፤ ይህን እወቅልኝ። የማነሳው ልጅቷን ነው። ግን እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ሳየው ከመንገድ እንዳልመለስ ፈራሁ። ቅዳሜ ጭነትህን ለሌላ ስጥና ና። ወርቄን የተሸከምህበትን ትከሻ ለእኔም አውሰኝ።

መንገድ መንገዱን የምታይ እኅትህ፣
ሰገነት